ከእርምጃ ኤሌክትሪክ፦ በፒዞ ዲስክ የሚሠራ የጫማ የውስጥ ሶል አሠራር

ይህ መመሪያ አራት ፒዞ ዲስኮችን በጫማ የውስጥ ሶል ላይ ገጥሞ፣ ሰው ሲራመድ ከሚያሳርፈው ክብደት ጥቂት ኤሌክትሪክ ማግኘት፣ በዚያም ያለ ባትሪ መልእክት የሚልክ አነስተኛ የብሉቱዝ መሣሪያ ማንቀሳቀስ የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። ፒዞ ዲስክ ማለት ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈበት ክብ ስስ ናስ ሲሆን፣ ሲታጠፍ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሠሪው በሶልደር መበየድና መልቲሜትር ማንበብ ቢችል ይበቃል። ስልኩን በእርምጃው ቻርጅ ለማድረግ አስቦ የሚጀምር ሰው ካለ ግን ከወዲሁ ሐሳቡን ይቀይር። የአንድ ስልክ ባትሪ 15 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 54,000 ጁል ይይዛል፤ እዚህ የምንሠራው ሶል በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሰጠው ከ20 ማይክሮጁል በታች ስለሆነ፣ ያን ባትሪ ለመሙላት ከ100 ዓመት በላይ ሳያርፉ መራመድ ያስፈልጋል።

ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት ራሱ ጥቂት ሆኖ አይደለም። ተመራማሪው ታድ ስታርነር እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ 68 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲረግጥና በእያንዳንዱ እርግጫ ክብደቱ 5 ሴንቲሜትር ሲወርድ 67 ዋት ያህል ይገኛል። ይህን ሁሉ ለመውሰድ ግን ጫማው 5 ሴንቲሜትር መስመጥ ይኖርበታል፤ ተጓዡም በአሸዋ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይደክማል። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ማክስ ዶኔላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት፣ በሁለቱ እግሮች ጉልበት መታጠፊያ ላይ የሚታሰር ጥንድ ማሰሪያ 5 ዋት ያህል አመንጭቷል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማሰሪያ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ የጃፓኑ ሰዓት አምራች ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያቀረበው የእጅ ሰዓት ይገኛል፤ በእጅ ንቅናቄ የሚወዛወዝ ክብደት ትንሽ ጄኔሬተር እያዞረ ጊዜውን የሚቆጥረውን የሰዓቱን ኳርትዝ ይመግባል፣ ባለቤቱም አይሰማውም። ፒዞ ያለው ጫማ ለዚህኛው ወገን የቀረበ ነው። በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ጆሴፍ ፓራዲሶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳዩት ጫማ ባለቤቱ ሲራመድ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ብቻ መለያ ቁጥሩን በሬዲዮ ይልክ ነበር፤ የእኛም ሥራ የዚያ ዘመድ ነው።

ደረጃ 1፦ ገቢንና ወጪን ማስላት

ብዙ ሰው ዲስክ ገዝቶ፣ በጣቱ መትቶ ኤልኢዲ የሚባለውን አነስተኛ መብራት ካበራ በኋላ ነው ምን እንደሚያንቀሳቅስበት የሚያስበው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚሠራ ሶል ከሠርቶ ማሳያነት አያልፍም።

በገቢው እንጀምር። ባለ 27 ሚሊሜትር ፒዞ ዲስክ 20 ናኖፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም አለው። ተረከዝ ሲጫነው፣ ምንም ነገር ሳይገናኝበት 30 ቮልት ያወጣል እንበል። በዲስኩ ላይ የሚጠራቀመው ጉልበት የአቅሙ ግማሽ በቮልቱ ካሬ ሲባዛ ስለሆነ 9 ማይክሮጁል ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን ወደ ማጠራቀሚያው አይደርስም። ኤሌክትሪኩን የሚይዘው ማጠራቀሚያ ካፓሲተር 5 ቮልት ላይ ካለ፣ ዲስኩ በየእርግጫው በመጀመሪያ ከአሉታዊ 5 ወደ አዎንታዊ 5 ቮልት መሻገር አለበት፤ በዚህ 10 ቮልት ይባክናል። የቀረው 20 ቮልት በ20 ናኖፋራድ ሲባዛ 0.4 ማይክሮኩሎምብ፣ በ5 ቮልት ደግሞ 2 ማይክሮጁል ይሰጣል። እግር ሲነሣ ዲስኩ ወደ ቦታው ሲመለስ ተመሳሳይ መጠን እንደገና ስለሚገኝ ከአንድ ዲስክ 4 ማይክሮጁል፣ ከአራቱ 16 ማይክሮጁል በእርምጃ ይደርሰናል። አንድ እግር በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ስለሚረግጥ ገቢያችን 16 ማይክሮዋት ነው ማለት ነው።

ከዚሁ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። የማጠራቀሚያው ቮልት በጣም ዝቅ ካለ የሚገባው ጉልበት ያንሳል፤ 15 ቮልት ሲደርስ ደግሞ ዲስኩ መሻገሪያ ብቻ ስለሚሆን ምንም አይገባም። ምርጡ ቦታ ዲስኩ ባዶውን ከሚያወጣው ቮልት አንድ አራተኛው ነው፤ በእኛ ምሳሌ 7.5 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ካፓሲተሩን ከ4 እስከ 8 ቮልት ባለው ክልል ማሠራት ተገቢ ነው። «ቮልቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል» የሚለው በየቦታው የሚሰማ ምክር እዚህ ላይ ስህተት ነው።

አሁን ወጪውን እንይ። አንድ የብሉቱዝ መልእክት 5 ሚሊአምፔር በ3 ቮልት ለ3 ሚሊሴኮንድ ቢወስድ 45 ማይክሮጁል ነው። መሣሪያው ተኝቶ ሳለ 2 ማይክሮአምፔር በ3.3 ቮልት ከወሰደ 6.6 ማይክሮዋት ያለማቋረጥ ይበላል። ቮልቱን የሚያስተካክለው ቺፕ ለራሱ 4 ማይክሮዋት ያህል ይወስዳል። ከ16 ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው 5 ማይክሮዋት ያህል ስለሆነ በየ9 ሴኮንዱ አንድ መልእክት ብቻ መላክ ይቻላል። መጠባበቂያ ለመተው በየ15 ሴኮንዱ እንዲልክ ማዘዝ ይበጃል። ለሙቀት ወይም ለእርምጃ ቆጠራ ይህ በቂ ነው፤ የልብ ምትን በብርሃን ለሚለካ ዳሳሽ ግን አይበቃም፤ ለዚያ የተለየ ምንጭ ይፈለግ።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎችን መሰብሰብ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ሽቦ የተበየደላቸው ባለ 27 ሚሊሜትር ፒዞ ዲስኮች አራት፣ ለመጠባበቂያ ተጨማሪ ሁለት፤ 1ኤን4148 ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) 16፤ እያንዳንዱ 22 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት የሆነ፣ ኤክስ7አር የሚባለው ዓይነት ሴራሚክ ካፓሲተር አሥር፤ ቮልቱን የሚያስተካክለው ኤልቲሲ3588-1 ቺፕ የተገጠመለት ዝግጁ ሰሌዳ፤ እንደ ኤንአርኤፍ52832 ያለ ቁጠባ የሚያውቅ የብሉቱዝ ቺፕ፤ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሽቦ፤ የጫማ የውስጥ ሶል ሁለት ጥንድ። ዲስኩ በርካሽ የሚገኝ የደወልና የማንቂያ መሣሪያ አካል ስለሆነ ከአሮጌ ዕቃ ሊፈታ ይችላል። ኤልቲሲ3588-1 ግን በአገር ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ላይገኝ ስለሚችል አስቀድሞ ይታዘዝ፤ እስኪደርስ እስከ ደረጃ 5 ያለው ሥራ ያለ እርሱ ይሠራል።

ስለ ዳዮዱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ንድፎች 1ኤን5817 የሚባለውን ሾትኪ ዳዮድ ያዛሉ፤ ምክንያቱም ከረንት ሲያልፍበት የሚበላው ቮልት አነስተኛ ነው። ከ30 ቮልት ምንጭ ላይ ግማሽ ቮልት ማዳን ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፤ ያ ዳዮድ ወደ ኋላ የሚያፈሰው ከረንት በአምራቹ ሰነድ ላይ በ20 ቮልት እስከ 1 ሚሊአምፔር ሊደርስ እንደሚችል ተጽፏል። የ1ኤን4148 ግን በዚያው 20 ቮልት 25 ናኖአምፔር ብቻ ነው። ገቢያችን ጥቂት ማይክሮአምፔር በመሆኑ ምርጫው አያጠራጥርም።

ካፓሲተሩም እንዲሁ ነው። ለተራ አሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በሰነዶች ላይ የሚፈቀደው ፍሰት (በከንቱ የሚሾልክ ከረንት) ዝቅተኛው ወሰን ብዙውን ጊዜ 3 ማይክሮአምፔር ነው፤ ይህ በ5 ቮልት 15 ማይክሮዋት፣ ማለትም የሶሉ ገቢ በሙሉ ማለት ይቻላል። ሴራሚክ የተመረጠው ለዚህ ነው። ባለ 25 ቮልቱ የተመረጠውም ሴራሚክ ቮልት ሲጫንበት አቅሙ ስለሚቀንስና ከፍ ያለ ቮልት የተጻፈበት ግን በ5 ቮልት ላይ ብዙ ስለማያጣ ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ዲስክ መፈተሽ

ሁለት ኤልኢዲዎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን ያገናኙና ከዲስኩ ሁለት ሽቦዎች ጋር ያያይዟቸው። ዲስኩን ጠርዙ ባረፈበት ነገር ላይ አስቀምጠው መሐሉን በእርሳስ ማጥፊያ መታ ሲያደርጉት አንዱ፣ ሲለቁት ሌላኛው ብልጭ ማለት አለበት። መልቲሜትር የሚሰጠውን ቁጥር ግን በቀጥታ አይመኑ፤ መልቲሜትሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ስለሆነ የ20 ናኖፋራዱን ዲስክ በ0.2 ሴኮንድ ውስጥ አብዛኛውን ቮልቱን ያሳጣዋል። መልቲሜትርዎ ካፓሲተር የሚለካ ከሆነ የየዲስኩን አቅም መዝግበው ያስቀምጡ፤ ኋላ ያስፈልጋል።

ሽቦው ራስዎ የሚበይዱት ከሆነ ካውያው ከነጩ ሴራሚክ ጋር ከአንድ ወይም ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይገናኝ። በላዩ ያለው ስስ የብር ሽፋን ይላጣል፤ ሙቀቱም ሴራሚኩን ኤሌክትሪክ የማመንጨት ጠባዩን ያሳጣዋል። ሴራሚኩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት አይሞረድ፣ አይቆረጥ፤ የተሰበረ ቢኖር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከልጆች ይራቅ፣ እጅም ይታጠብ።

ደረጃ 4፦ ዲስኮቹን በሶሉ ላይ መግጠም

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው። ዲስክ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሲታጠፍ ነው፤ ከሥሩ ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ላይ ተለጥፎ ከላይ ሰው ቢቆምበት የሚሰጠው ኢምንት ነው። በሌላ በኩል ስፖንጅ ላይ ብቻ ካስቀመጡት ከሚገባው በላይ ታጥፎ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠርዙ ተደግፎ፣ መሐሉ ጥቂት ብቻ እንዲሰምጥ መደረግ አለበት።

ከጠንካራ ስስ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ከ0.3 ሚሊሜትር የሰነድ ማቀፊያ ሽፋን፣ የውጭ ስፋቱ 27 የውስጥ ቀዳዳው 22 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ይቁረጡ። ውፍረቱን ለመገመት፣ ሦስት ተራ የጽሕፈት ወረቀቶች ሲደራረቡ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ናቸው። ቀለበቱን 2 ሚሊሜትር በሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የሶል ቆዳ ላይ ያጣብቁ፤ ዲስኩን በናሱ ጠርዝ በኩል በቀለበቱ ላይ በስሱ ያጣብቁት። መሐሉ 0.3 ሚሊሜትር ከሰመጠ በኋላ ከታች ያለውን ፕላስቲክ ይነካል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክብደት ወደ ፕላስቲኩ ያልፋል። የሰው ክብደት ሁሉ በሴራሚክ ላይ እንዳያርፍ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ሴራሚኩ ወደ ላይ፣ ናሱ ወደ ታች ይሁን። መሐሉ ሲጫን የላይኛው ገጽ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፤ ሴራሚክ መጨመቅን በደንብ ሲችል መወጠርን አይችልም። በሴራሚኩ መሐል ላይ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ 10 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ ጎማ ይለጥፉ፤ ክብደቱን ወደ መሐል የሚያመጣው እርሱ ነው። ሁለቱን ዲስኮች ከተረከዝ ሥር፣ ሁለቱን ከእግር ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ላይ ያድርጉ። የእግሩ ቅስት የሚያርፍበት መሐለኛው ቦታ ክብደት ስለማይበዛበት ለሰሌዳው ይተው። ሽቦዎቹ ከየዲስኩ ሲወጡ ጥቂት ተጠማዝዘው ይለቀቁ፤ ሶሉ በታጠፈ ቁጥር የሚወጠር ሽቦ በብየዳው ሥር ይበጠሳል።

ከላይ የሁለተኛውን ሶል ስፖንጅ ያልብሱ። በሌላኛው ጫማ ውስጥም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ባዶ ሶል ያስገቡ፤ አንዱ እግር ከፍ ብሎ መዋል ወገብን ሊጎዳ ይችላል። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ይህን ሶል ባይለብሱ ይመከራል፤ የጎማው እብጠት የሚያደርሰው ቁስል ሳይሰማቸው ሊሰፋ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማገናኘትና ፍሰትን መለካት

አራቱ ዲስኮች በቀጥታ እርስ በርስ አይገናኙ። ተረከዝ የሚያርፍበት ጊዜና የእግር ጣት ሥር የሚጫንበት ጊዜ ይለያያል፤ በቀጥታ ከተያያዙ አንዱ የሚያመነጨውን ሌላው ይጠጣዋል። ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን የአራት ዳዮድ ድልድይ (ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣውን ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመራ ትስስር) ይሥሩለት፣ ከዚያ የአራቱን ድልድዮች አዎንታዊ ጫፎች በአንድ ነጥብ፣ አሉታዊዎቹን በሌላ ነጥብ ያገናኙ። የዲስኩ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡ ችግር የለውም። አሥሩ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተያይዘው 220 ማይክሮፋራድ ይሆናሉና በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ይገባሉ።

አሁን ጫማውን አድርገው ይራመዱ። በምሳሌያችን ቁጥሮች፣ ከባዶ እስከ 5 ቮልት ለመድረስ በዚያ እግር 280 ያህል እርግጫ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጉዞ ያስፈልጋል። ከ600 በላይ ከፈጀ ደረጃ 4ን እንደገና ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ጎማው ቀጥኖ ወይም ቀለበቱ ሙጫ ገብቶበት ዲስኩ መታጠፍ አቅቶት ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው ፈተና ከሁሉ ይልቅ ሊዘለል የማይገባው ነው። ካፓሲተሩ 5 ቮልት ሲደርስ ጫማውን አውልቀው ያስቀምጡት፤ የመልቲሜትሩን ጫፎች ለአጭር ጊዜ ብቻ ነክተው ያንብቡና ያንሡ፤ ተያይዞ ከቆየ መልቲሜትሩ ራሱ ግማሽ ማይክሮአምፔር ይበላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ያንብቡ። 1 ቮልት ወርዶ ቢገኝ አማካይ ፍሰቱ 0.37 ማይክሮአምፔር ስለሆነ ጥሩ ነው። በአንድ ደቂቃ ከሩብ ውስጥ 1 ቮልት ከወረደ ግን ፍሰቱ 3 ማይክሮአምፔር ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ወደ ፊት መሄድ ትርፍ የለውም። መጀመሪያ ሰሌዳውን ከሶልደር ቅባት በአልኮል አጽድተው ያድርቁት፤ አብዛኛው ችግር በዚህ ይፈታል። ካልተፈታ ድልድዮቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ ይለኩ።

ደረጃ 6፦ ቮልቱን ማስተካከልና ብሉቱዙን ማገናኘት

ኤልቲሲ3588-1 የራሱ ድልድይ አለው፤ ሆኖም ለአንድ ምንጭ ብቻ ስለሆነ እኛ አንጠቀምበትም። የካፓሲተሮቹን አዎንታዊ ነጥብ ቪኢን ከተባለው መግቢያ፣ አሉታዊውን ከግራውንድ ጋር ያገናኙ። ዲ1 ወደ ቪኢን2፣ ዲ0 ወደ ግራውንድ ሲያያዙ ውጤቱ 3.3 ቮልት ይሆናል። ቺፑ ካፓሲተሩ 5 ቮልት ገደማ እስኪደርስ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይከፈታል፤ 3.7 ቮልት ገደማ ሲወርድ ይዘጋል። በዚህ ክልል 220 ማይክሮፋራዱ 1.3 ሚሊጁል ያህል ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ 0.26 ሚሊጁሉ በውጤቱ በኩል ያለውን 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ለመሙላት ይሄዳል፤ የቀረው ለብሉቱዝ ቺፑ መነሻና ለመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ነው። የማጠራቀሚያው መጠን 100 ማይክሮፋራድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው 0.6 ሚሊጁል ነበር፤ ቺፑም እየተነሣ እየወደቀ ሊቀር ይችል ነበር።

ፒጉድ የተባለውን መውጫ ከብሉቱዝ ቺፑ አንድ መግቢያ ጋር ያያይዙት። ውጤቱ ለሥራ የሚበቃ ቮልት ሲደርስ ፒጉድ ከፍ ይላል፤ ፕሮግራሙም እርሱን ሳያይ ሬዲዮውን እንዳይከፍት ይጻፍ። የብሉቱዝ ሰሌዳው ኤልኢዲ ወይም የዩኤስቢ መቀየሪያ ካለበት ይነቀል፤ አንድ ጠቋሚ ኤልኢዲ ብቻውን 1 ሚሊአምፔር ቢወስድ ከሶሉ ገቢ ሁለት መቶ እጥፍ ነው። የማይሞሉ ክብ ባትሪዎችን፣ ለምሳሌ ሲአር2032ን፣ ከዚህ መስመር ጋር አያገናኙ፤ እንዲሞሉ የተሠሩ አይደሉም።

ደረጃ 7፦ ከላብ መከላከል

ላብ ጨው ያለበት ውኃ ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል 1 ሜጋኦም ያህል ድልድይ ቢሠራ በ5 ቮልት 25 ማይክሮዋት ይበላል፣ ይህም ከገቢው ይበልጣል። ስለዚህ የብየዳ ቦታዎች፣ ድልድዮችና ሰሌዳው በሙሉ በሲሊኮን ይሸፈኑ። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን መዳብን ስለሚበላ ሽታ የሌለው ዓይነት ይፈለግ። ዲስኮቹን ሲሸፍኑ ሲሊኮኑ ከቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ባዶውን ቦታ እንዳይሞላ ጠርዙ ላይ ብቻ ይቀባ። ከሸፈኑ በኋላ የደረጃ 5ን የፍሰት ፈተና በድጋሚ ያድርጉ፤ ከዚያም ለአንድ ቀን ለብሰውት ሳይደርቅ እንደገና ይለኩ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ የተሸፈነው በደንብ አይደለም።

ከሳምንታት አገልግሎት በኋላ መልእክቶቹ እየራቁ ከመጡ የየዲስኩን አቅም ይለኩና በደረጃ 3 ከመዘገቡት ጋር ያነጻጽሩ። ሴራሚክ ሲሰነጠቅ ከሽቦው የተነጠለው ቁራጭ ስለማይቆጠር አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ20 ወደ 12 ናኖፋራድ የወረደ ዲስክ ካገኙ እርሱን ብቻ ነቅለው በመጠባበቂያው ይተኩት። በዚያው ቦታ ያለው ቀለበት ካረጀ ወይም ከሳሳ አብሮ ይለወጥ፤ አለበለዚያ አዲሱም ዲስክ በዚያው ምክንያት ይሰነጠቃል።